መምህር አስናቀ ያጠፉት ማብሪያ

ባለፈው ነሐሴ ልጄ በመኪናዋ ወደ ቡሬ ስትወስደኝ፣ ገና ከፍኖተ ሰላም ሳንወጣ ዝናብ ያዘን። የኋላው መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ። ልጄ አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገች፤ በመስታወቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ጠሩ፣ ቀስ እያለም ያለፍነው መንገድ ታየ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ግን ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ።

ያ ነገር ሲሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር፤ ራዲዮ መግጠምና መብራት መጠገን ስለቻልኩ ብቻ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። መምህር አስናቀ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ቡሬ የታመመች እህት ስለነበረቻቸው በየቅዳሜው ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር በአሮጌ ነጭ መኪናቸው ይመላለሱ ነበር። የኋላው መስታወት የማሞቂያ መስመሮች ነበሩት፤ ሽቦው ግን ከተበጠሰ ዓመታት አልፈዋል።

«በክረምት ከኋላዬ የሚመጣውን አላይም። ትችለዋለህ?» አሉኝ።

«ቀላል ነው መምህር» አልኩ። ሠርቼው አላውቅም ነበር።

ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ ሳብኩ፤ ከመሪው ሥርም ማብሪያ ገጠምኩለት፣ መስታወቱ ሲጠራ እንዲያጠፉት ነገርኳቸው። ሽቦ ሲነካካ ኃይሉን የሚቆርጠውን ፊውዝ አላስገባሁም። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት የብረት ቀዳዳ ላይ ጎማ ማልበስ ነበረብኝ፤ እሱንም ተውኩት። መስታወቱ ሲጠራ መምህር በደስታ ሳቁ። እትዬ የሺ የበቆሎ እሸት ጠብሰው ላኩልኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መኪናዋ በቡሬ መንገድ ማንኩሳ ላይ እሳት ተነሣባት ተብዬ ተጠራሁ። ስደርስ እሳቱን በጭቃ አጥፍተውታል። ከመሪው ሥር ያለው ሽቦ ሁሉ ቀልጧል። እትዬ የሺ የተቃጠለ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀዳዳው ብረት ሽቦዬን ገዝግዞ ልጦታል፤ እዚያ ድረስ ደግሞ ማብሪያው ቢጠፋም የባትሪው ኃይል ይደርሳል። ማብሪያውን ተመለከትኩ፤ መምህር አጥፍተውት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበር።

መምህር ከሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ጣቴን ሰደድ አድርጌ ማብሪያውን እንደበራ አስመሰልኩት። ከዚያ ጠራኋቸው።

«ይኸው ይመልከቱ። ሳያጠፉት ረስተው ነው።»

ብዙ ቆመው አዩት። «ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ባለቤታቸው ዞረውም «የሺ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ እኔን «አንተንም በዚህ ዝናብ አደከምንህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጡም። መኪናዋን አንድ የዱርቤቴ እህል ነጋዴ ገዛት። ሰሌዳ ሙሉ ስሌት በቃላቸው ይሠሩ የነበሩት ሰው፣ በር መቆለፋቸውን ሁለት ሦስቴ ተመልሰው ያያሉ ሲባል ሰማሁ። ወደ ቡሬም የሚሄዱት አልፎ አልፎ በሚኒባስ ብቻ ሆነ፤ እህታቸው ስታርፍ አጠገቧ አልነበሩም። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያቸው ወደ ሌላ መንገድ እታጠፍ ነበር። እንዲህ እየታጠፍኩ ሳለሁ እሳቸውም አረፉ።

ከነሐሴው ጉዞ እንደተመለስኩ እትዬ የሺ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለእሳቸው ነበር መንገር» አሉ ስጨርስ። «እስኪያርፉ ድረስ ‹አጥፍቼው ነበር እኮ› ይሉኝ ነበር። እኔም አላመንኳቸውም።»

ይቅርታ ለምኜ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። አሁን ግን በእርጅናቸው፣ ባላቸውን ባለማመናቸው የሚያዝኑ ሴት አሉ። ያም የእኔ ሥራ ነው።