ጎኑን የማያይ ሯጭ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ጥይት» ይለዋል። ጥይቱ አሁን ጉልበቱን እያሸ ከአልጋ የሚነሳ፣ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለቴ የሚያርፍ የስፖርት አስተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ዛግክ እኮ!» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። እሱ ይስቃል፤ እኔን ግን ያ ሩጫው ይናፍቀኛል።

በመቶ ሜትር ለአራት ዓመት የቀደመው ሰው አልነበረም። አሰልጣኙ «ጎንህን ያየህ ቀን ተቀደምክ» ብሎ አስተምሮት ነበር። ወንድሜ ደግሞ ይህን ትምህርት ከመሮጫው መም አሳልፎ ኑሮው አደረገው። ካሸነፈ በቀጥታ ወደ ካሜራዎቹ ነው፤ አብሮት ለሮጠ ሰው እጁን አይዘረጋም። ኩራተኛ ተባለ። እኔም ልጅ ነበርኩና ኩራቱን ወደድኩለት። እሱ ሮጦ እኔ ጎረርኩ።

በመጨረሻው ሻምፒዮና ላይ ዋና ተፎካካሪው፣ «ረጅሙ» የሚሉት፣ አሥር ሜትር ሲቀረው ጅማቱ ተበጥሶ ወደቀ። ወንድሜ አላየውም። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወንድሜ እጆቹን ዘርግቶ ሲስቅ፣ ከኋላው ረጅሙ መሬት ላይ ተጣጥፎ ታየ። አገር ምድሩ «በወደቀ ሰው የሚስቅ» አለው። አላየሁም ቢል ማን ይመነው? ሄዶ እንዳይጠይቀው ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ረጅሙ ዳግመኛ አልሮጠም።

ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። ተማሪዎቹን ሲያሮጥ ግን ግራና ቀኛቸው የሮጡትን ሳይጨብጡ ከሜዳ አያስወጣቸውም። ሲጨባበጡ ቆሞ ያያቸዋል። ያኔ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ናፍቆት ነው። የናፈቀው ጭብጨባው አይደለም፤ የዚያን ሰው እጅ ነው።

ባለፈው ወር ቁም ሣጥን ላሠራ አንድ አናጢ ቤት ብገባ፣ እያነከሰ የተቀበለኝ ረጅሙ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ለወንድሜ ነገርኩት። ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «ተነስ! ካልሆነ ጎትቼ ነው የምወስድህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ስንደርስ ረጅሙ የወንበር እግር እየላገ ነበር። ቀና ብሎ አየው፤ ወዲያው አወቀው። መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ወንድሜ ስንት ዓመት ያጠናው ንግግር ጠፋበት።

«አልሳቅሁብህም» አለው። «ስትወድቅ አላየሁህም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ረጅሙ ፈገግ ብሎ። «አንተ መች ጎንህን ታያለህ?»

እፎይ አልኩ። በቃ፣ ተገላገልን ብዬ ነበር።

«ከዚያስ በኋላ?» አለ ረጅሙ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። «ሕክምና ክፍሉ ከመሙ ሃያ እርምጃ አይሞላም። መኪና እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ተኝቼ ነበር።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

«ጋዜጠኞቹ…» አለ። «ጋዜጠኞቹ እየጠበቁኝ ነበር።»

«እኔም እኮ እየጠበቅሁህ ነበር» አለው ረጅሙ። «እንኳን ደስ ያለህ ልልህ።»