በእግሯ የገባችው ልጅ

የጥንት የፍቅር ታሪክ ቴሌቪዥን ላይ በቀረበ ቁጥር ሰው ክርክር ይገጥማል፤ እኔም ደሜ ይፈላል። አንዱ ጎራዴው የዚያ ዘመን አይደለም ይላል። ሌላው የልጅቷ ሹሩባ አልገጠመም ይላል። ኮርቻው፣ ቀሚሱ፣ ጋሻው... ኤዲያ! ጋሻው ቆርቆሮ ቢሆንስ ምን ይሁን? እኔ በጃንሆይ ዘመን አንድ የጥንት ታሪክ ለቴሌቪዥን ድራማ አድርጌ ጽፌ አውቃለሁ። ጋሻውም ቀሚሱም ምን የመሰለ ነበር። የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

ታሪኩን የነገረችኝ የአባቴ እህት ናት። በአገሬው ወግ አዳዳ ነበር የምላት፤ የአባት እህት ማለት ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች፣ አባቴ ከነቀምቴ አውጥቶ ጉቴ የምትባል ትንሽ ከተማ ለምትኖረው አዳዳ ሰጠኝ። ሁለቱ ያኔ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሕፃን የሚያጥብለት ሰው ሲያጣ ግን ኩርፊያው ትዝ አላለውም።

የኩርፊያቸው ነገር እንዲህ ነው። አዳዳ ልጃገረድ ሳለች የወደደችውን ሰው በአሴና አገባች። አሴና እኛ አገር ልጅቷ ራሷ ወንዱን መርጣ፣ እርጥብ ሣር ይዛ፣ በገዛ እግሯ ወላጆቹ ቤት የምትገባበት ወግ ነው። ገብታ ምሰሶውን ትይዛለች። ምሰሶ የያዘችን ልጅ ገፍቶ ማስወጣት ትልቅ ነውር ነው። የቤቱ እናት ተነሥታ ቅቤ ትቀባታለች፣ በቃ፣ የቤቱ ልጅ ሆነች። አባቴ ግን በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከረባት ማሰር ጀምሯል። እህቱ ወንድ ቤት ሄዳ ገባች ሲባል ሊሰማ ነው? «ተጠልፋ ነው» አለና ሰውየውን ከሰሰ።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ አዳዳ ደግሞ ያኔ ከኦሮምኛ በቀር አንድ ቃል አታውቅም። ዳኛው ሲጠይቋት «ማንም አልወሰደኝም፣ እኔው ነኝ የሄድኩት» ብላ በራሷ ቋንቋ መለሰች። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳቀረበው በሰዓቱ አልገባትም። የገባት ባሏ በፖሊስ ታጅቦ በጓሮ በር ሲወጣ ነው። ሦስት ዓመት ታሰረ። ሳል ይዞ ወጣ፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ያን የመሰለ ሰው ጠላፊ እንደተባለ ተቀበረ፤ እሷም ሕይወቷን ሙሉ የተጠለፈችው ሴትዮ ስትባል ኖረች። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም። «ሄጄ ነው የገባሁት» ስትል ሰው ራሱን እየነቀነቀ ያዝንላታል። ቆሽቷን የሚያሳርራት ይኸው ሐዘኔታ ነበር።

እንግዲህ ታሪኩን እንዴት አድርጋ ትነግረኝ እንደነበር አስቡት። በቆሎ እየፈለፈለች ነው የምትነግረኝ። ሕዝቡ ገና ጊቤን ሳይሻገር፣ ሁለት ጎሣዎች ደም ተቃብተው ይፈላለጋሉ። የአንደኛው ጎሣ ልጅ የሌላኛውን ጎሣ ልጅ ትወዳለች። የእሷን ወንድም የእሱ ወገኖች ገድለዋል፤ የእሱን ታላቅ ወንድም የእሷ ወገኖች ገድለዋል። አንድ ማለዳ ሣሯን ይዛ፣ ብቻዋን፣ በጠላት መንደር መሐል አቋርጣ ትሄድና ምሰሶውን ትይዛለች። የቤቱ እናት ልጇ የተገደለባት ሴት ናት። ወንዶቹ ጦራቸውን አንሥተው የእናቲቱን ፊት ያያሉ። አዳዳ እዚህ ላይ ስትደርስ መፈልፈሉን ታቆማለች። እናቲቱ ብዙ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ትነሣና ቅቤውን ታወርዳለች። በማግሥቱ የልጅቷ ወንድሞች ታጥቀው መጥተው «ማነው የወሰደሽ?» ይሏታል። «ማንም። መጣሁ» ትላለች። ያልተወሰደች ልጅ ደም አታፋስስም። ጦሩን መሬት አጋድመው ይታረቃሉ።

አድጌ ነቀምቴ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ስሄድ ነው ቴሌቪዥን ያየሁት፤ ድራማ እንደሚያሳዩም ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔን ብሎ ደራሲ! ክረምቱ አልቆ ጉቴ እንደደረስኩ ለአዳዳ ሐሳቤን ነገርኳት። ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሰምታኝ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ዳኞችም ያዩታል?»

«እንዴታ! እንዲያውም መሣሪያውን የሚገዙት ዳኛና ባለሥልጣን ናቸው።»

«እንግዲያው ጻፈው፣ ልጄ። ስሙን ቀይር፣ ልብሱንም ቀይር፣ ወንዙን ከፈለግህ ሌላ ወንዝ አድርገው። በእግሯ መግባቷን ግን እንዳትነካብኝ።»

«አልነካም፣ አዳዳ።» እንዲህ ነው ያልኳት፣ ዓይኗን እያየሁ።

ጻፍኩና ላክሁ። መልስ መጣ፤ ወደዱት፣ ና አሉኝ። የድራማው አዘጋጅ ውጭ አገር የተማረ፣ ትሑት፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። ጮኾብኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እልህ እይዝ ነበር። መጀመሪያ ስሞቹ ለተመልካች ይከብዳሉ አለ፣ ቀየርኩ። ጊቤ አዋሽ ይሁን አለ፣ አደረግሁ። ቅቤው ይቅርና በቀለበት ይተካ ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ በዚያ ዘመን ምን ቀለበት አለ? እሱንም ተቀበልኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ አንድ ትልቅ ችግር አለን። ልጅቷ ራሷ ሄዳ ወንድ ቤት ትገባለች ነው የምትለው? አባወራው ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ነው እኮ የሚያየው። ባለጌ አደረግሃት።»

«ወጉ ነው፣ ጌታዬ። እኛ አገር...»

«እናንተ አገር ይሆናል። ጠለፋ ይሁን። ጠለፋን ሁሉም ያውቀዋል። ጀግና አለው፣ ሩጫ አለው፣ ውጊያ አለው። የሚገርም ነገር ይወጣዋል።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የአዳዳን ነገር፣ የታሰረውን ሰው፣ ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፍቻለሁ። እሱ ግን ቀደም አለና፣ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ነቀምቴ ትጠብበታለች፣ እዚህ ትምህርት ቤት እንድትዛወር ለማውቃቸው ሰዎች እናገርልሃለሁ አለኝ። «እንደሚመችዎ» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ዝውውሩንም አገኘሁ፤ ዛሬ የምበላው ጡረታ የዚያ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጥንቱ ታሪክ ምን ያህል ታማኝ እንሁን ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ልብሱን እንደፈለግህ ስፋው፣ ፈረሱን በቅሎ አድርገው፣ ንግግሩን ዛሬ ሰው በሚናገረው ቋንቋ አድርገው። ታሪኩ የቆመበትን ነገር ግን አትንካ። ልጅቷ ከተጠለፈች የእናቲቱ ዝምታ ምን ይሠራል? ወንድሞቿስ ለምን ይታረቃሉ? አይታረቁም። ስለዚህ መጨረሻውንም መለወጥ ግድ ሆነ፤ ጀግናው ወንድሞቿን በጎራዴ አሸንፎ ያገባታል አልን። እናቲቱ ሥራ ስለፈታች ከነጭራሹ ወጣች። አንዱን ስትነቅል ሌላው ተከትሎ ይወድቃል፤ እኔም ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ እየነቀልኩ አቀበልኳቸው።

ልምምድ ላይ ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ተዋናይ «እወደዋለሁ ካልኩ ለምንድነው የምጮኸው?» ብላ ጠየቀች። አዘጋጁ «ጨዋ ልጅ ብትወድም ትጮኻለች» አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ደራሲው አይደለሁ? ማስታወሻዬን የማገላብጥ መሰልኩ።

ለአዳዳ አልጻፍኩላትም። ነቀምቴ ቴሌቪዥን የለ፤ በምን ታየዋለች ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። ለካ እሷ ቀኑን ጠይቃ አጣርታ፣ ጉቴ ሱቅ ካለው ጉራጌ ጎረቤታችንና ከሚስቱ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍራ ኖሯል። የባለ ሱቁ ታላቅ ወንድም መርካቶ ነው የሚኖረው፤ ቴሌቪዥን አለው። ድራማው የሚተላለፍ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስገባ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ የሰንበት ጫማዋን አድርጋ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ እንዴት እንዳንገላታት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «አካም ጅርታ፣ ልጄ!» ብላ ደኅንነቴን ጠይቃ ሳመችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ያን ሰዓት እንኳ ልነግራት እችል ነበር፤ ከክፍሉ ይዣት ብወጣ ማን ይከለክለኛል? አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ክፍሉ በጎረቤት ጢም ብሏል። ድራማው ከስቱዲዮ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ፈረስ ማስገባት አይቻልም፤ አንድ ሰው ከመጋረጃ ኋላ ሁለት እንጨት እያጋጨ ኮቴ ያሰማል። ጀግናው ጥላ የመሰለ ጎፈር ደፍቶ ብቅ አለ። አዳዳ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ልጅቷ ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ስታይ «የታለ ሣሩ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይመጣል» አልኳት። ሣሩ አልመጣም። ሰውየው ከዛፍ ኋላ ዘልሎ ልጅቷን ትከሻው ላይ ጣላት፣ እንስራው ተሰበረ፣ ልጅቷ እየተንፈራገጠች ጮኸች። «ወንድሞቼ፣ ድረሱልኝ! ድረሱልኝ!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «ጎበዝ! ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አለ የቤቱ ጌታ።

አዳዳ አላጨበጨበችም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳትነቅል በኦሮምኛ ጠየቀችኝ።

«ምን እያለች ነው?»

እግዚአብሔር ይይልኝ፣ አሁንም እውነቱን ልናገር የምችልበት አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ።

«እወድሃለሁ እያለችው ነው» አልኳት።

ቀስ ብላ ዞረች። የቁጣ ፊት ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እንደ ማያውቁት ሰው ነው ያየችኝ።

«ድረሱልኝ የሚለውን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ከአማርኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እሱ ነው። ያን ቀን አስተርጓሚው አፌ ውስጥ ሲጨምርብኝ ድምፁን ይዤ ወጣሁ፤ ገበያ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ምን ማለት እንደሆነ አስፈታሁት።»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ ሰው እንዳትከልልበት ጎንበስ ብላ በሰዎቹ መሐል አለፈች። ልደግፋት ክንዷን ስይዝ እጄን በቀስታ አነሣችው።

«ያ አስተርጓሚስ ባዳ ነበር» አለችኝ። «አንተን ግን አፍ ያስፈታሁህ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወጣችና ከባለ ሱቁ ሚስት ጋር ደጅ ተቀመጠች። እኔ ድራማው እስኪያልቅ ውስጥ ቆየሁ፤ የቤቱ ጌታ ለእንግዶቹ ሁሉ ደራሲው ይኸው እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር።