የእማዋይሽ አሮጌ ፈርነስ

እማዋይሽ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ያንን አሮጌ ቤት ስትገዛ፣ ሻጩ ሊያሳያት ያፈረው አንድ ነገር ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ከሰል የሚሠራ፣ ዝሆን የሚያህል የብረት ፈርነስ ተገትሯል። እሳቱ ታች ይነድዳል፤ ሙቀቱ ሳሎኑ ወለል ላይ በተገጠመ ሰፊ ፍርግርግ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያውቅም።

ታናሽ ወንድሟ ኃይለ መስቀል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሚኖርበት ከተማ ከሌዊስቪል መጥቶ ሲያየው በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ባቡር ነው! ደውለን ሰው እንጥራና ቆራርጦ ይውሰደው።»

«ማንም አይነካውም» አለችው። ግማሽ ዕድሜዋን ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ስለሠራች ትልቅ ምድጃ አያስፈራትም።

መጀመሪያ የለኮሰችው ቀን ግን ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ ሳሎኑን ሞላው። ደንግጣ ወደ ውጭ ሮጠች። ጎረቤት ደውሎ ኖሮ እሳት አደጋዎች እየጮኹ ደረሱ። ለካ ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል! አለቃቸው ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ሰውየው ፈርነሱን ዞሮ ዞሮ አየና ባልደረቦቹን ጠርቶ አጠገቡ ፎቶ ተነሣ። ሲወጣ ግን ጠበቅ አድርጎ «ሳታስጠርጊና ሳታስፈትሺ እንዳትለኩሺው» አላት።

እሷም አስጠረገች፤ የተሰነጠቀውን አስደፈነች፤ መርዘኛ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ አላርም አስገጠመች። ከዚያ እየሞከረች ጠባዩን ለመደች። መጀመሪያ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ደረቅ የኦክ ፍልጥ፣ ፍሙ ሲደላደል ደግሞ ከሰሉን ጥቂት ጥቂት እያለች። ከሰሉን የምትገዛው ብረት ቀጥቃጮች ከሚገዙበት ሱቅ ነው።

በጥር ወር አንድ እሑድ ኃይለ መስቀል ከሚስቱ ከፀደንያና ከልጁ ከሄቨን ጋር ምሳ ሊበላ መጣ። እየበሉ ሳለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና መንገዱ መስታወት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። መሄድ የለም፤ ሂተርም የለም። እማዋይሽ ሹራቧን ሰብስባ ወደ ቤዝመንት ስትወርድ ወንድሟ ተከተላት።

«ልርዳሽ» አለና፣ ፍልጡ ገና ተያያዘ ሳይባል አንድ ባልዲ ከሰል ገለበጠበት። እሳቱ እልም አለ።

«ገደልከው! ትንፋሽ ስጠው እንጂ ኃይሌ! እሱም እንዳንተ አየር ይፈልጋል።»

ከሰሉን በአካፋ አውጥተው እንደገና ጀመሩ። አሁን የታችኛውን የአየር በር ከፍታ፣ አንድ አካፋ ብቻ አስጨመረችውና እጁን ይዛ አቆመችው። «ጠብቅ» አለች። ጠበቁ። ከጥቁሩ ከሰል መሃል ሰማያዊ ነበልባል ብቅ ብሎ መጨፈር ጀመረ። ኃይለ መስቀል አፉን ከፍቶ ቀረ።

ላይ ደግሞ የፀደንያ ሳቅ ተሰማ። ፍርግርጉ ላይ ቆማ ኖሮ ሞቃቱ አየር ቀሚሷን እንደ ጃንጥላ ነፍቶታል።

ሄቨን ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ቆመች። «አክስቴ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ ነገር በጣም ኩል ነው!»

«ኩል አይደለም፣ ሙቅ ነው» አለ አባቷ ከታች።

በማግስቱም መብራት አልመጣም። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ፤ ሳሎኑ ሞላ፤ እማዋይሽ የሽሮ ድስቷን ፈርነሱ አናት ላይ ጣደች። ኃይለ መስቀል ግን ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ከቤዝመንት አልወጣም አለ። አመድ ያራግፋል፣ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። በረዶው ቀልጦ ፀደንያ መኪናውን አስነሥታ ስትጠራው እንኳን «አንድ አካፋ ብቻ ልጨምር» እያለ አስጠበቃት።

አሁን ብርድ በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል ጭኖ ይመጣል። እንግዳ ካለ ይዞት ይወርድና፣ ራሱ እንደገዛው ሁሉ ስለ ሰማያዊው ነበልባል ያስረዳል። እማዋይሽ ላይ ሆና ትሰማዋለች። አንድም ቀን አላረመችውም፤ ወንበሯን ፍርግርጉ ዳር አስጠግታ እግሯን ታሞቃለች።