ጎማ ላይ የተሰመረ ጠመኔ

መጀመሪያ መኪናዋን ወደ ኋላ አስገባች፤ አፍንጫዋ ወደ ግቢው በር እንዲያይ። ሞተሩን አጠፋች። ማርሹን አንደኛ ላይ ተወችው፤ የእጅ ፍሬኑን እስኪንቋቋ ሳበች። ቁልፉን ነቅላ ወረደችና ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከጃኬቷ ኪስ ጠፍጣፋዋን የልብስ ሰፊ ጠመኔ አወጣች፤ ስለቷን በአውራ ጣቷ ሞከረች። ከጎማው ወገብ ጀምራ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አወረደች። ጎማው ሲሚንቶውን በነካበት ቦታ ላይ እጇን ሳታነሳ መስመሩን መሬቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ቀጠለችው። የጎማው መስመርና የመሬቱ መስመር ልክ እንደ ኮት ስፌት ገጠሙ።

“ጨረስሽ?” አሉ አባቷ ከመኪናው ሳይወርዱ።

“ጨረስኩ።”

“ገጥሟል?”

“ገጥሟል አባዬ።”

“በቃ፣ ብታዛጋ እንኳ እናውቅባታለን።”

ይህች ሴት የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጋራዥ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ወንበር እየፈታች፣ ስፖንጅ እየቀየረች፣ ልብስ እየለካች ኖራለች። ወንበር አይታ የባለቤቱን ጠባይ ትናገራለች። “ይሄ ሰውዬ በግራ ጎኑ ነው የሚቀመጠው፣ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ አያወጣም፣ አንድ ቀን ይሰረቃል” ትላለች፤ ሰውዬውም አንድ ቀን ይሰረቃል። የጋራዡ ሰዎች ያወጡላት ስም “ቆልፌ” ነው። ሱቋን ዘግታ አሥር እርምጃ ከሄደች በኋላ “ቆልፌያለሁ?” ብላ ሳትመለስ የቀረችበት ቀን የለም።

“ቆልፌ፣ ጥላሽንስ ቆልፈሽበታል?” ይሏታል።

“ጥላዬ ምን አለው ብላችሁ!” ትላለች እሷም፤ ቁልፉን ግን አንዴ ደግማ ትነካካዋለች።

ይህን ጠባይ ያወረሷት አባቷ ናቸው። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በወር ሃያ ቀን ከቤት ይጠፋሉ። ሲመለሱ ለልጃቸው የሚያመጡላት ከረሜላ ሳይሆን ምክር ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁሚ። ካቆምሽ በኋላ የት እንደምትሄጂ የጠየቀሽን ሰው የተሳሳተ መንገድ ንገሪው። “ጎማሽ ተንፍሷል” ብሎ የሚያስቆምሽ ካለ ሰው እስካለበት ድረስ ዝም ብለሽ ንጂ፤ ጎማ ይገዛል። ቁልፍ ከጫማ ውስጥ፣ ጫማ ከአልጋ ሥር። የጠመኔውም ብልሃት የእሳቸው ነው፤ እሳቸው በከሰል ነበር የሚያሰምሩት። ምክሩ ሁሉ የሚያልቀው ደግሞ በአንድ ቃል ነው፦ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

አሁን አባት ጡረተኛ ናቸው። አንዱ ዐይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት አለፈው፤ የቀረውም ላይ መጋረጃ እየወረደ ነው። ቀዶ ሊያደርግላቸው የሚችለው ሐኪም ከሩቅ አገር እየመጣ በሁለት ወር አንድ ሳምንት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ላይ ነው። ተራቸው ደርሷል። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተገኝተው ካልተመዘገቡ ተራው ለሌላ ይሰጣል። “ሁለት ወር ይቆያል ወይ ዐይኑ?” ብላ ብትጠይቅ የአገሯ ሐኪም ትከሻውን ነቅንቆ ነበር። ስለዚህ ቆልፌ ሱቋን ዘግታ፣ ሁለቴ ተመልሳ በሩን ነካክታ፣ አባቷን ይዛ ተነሳች። ሁለቱን ቀን ደህና ነዱ። ይህች መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ የመጨረሻዋ ማደሪያ ናት።

ያረፉባት ፔንሲዮን አረንጓዴ የብረት በር፣ ስድስት ክፍሎችና አንድ የጋራ መታጠቢያ ያላት ናት። የምታስተዳድራት ሴትዮ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ናት፤ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ታንጠለጥላለች፣ ስትራመድ ትንኳኳለች። ቆልፌ ገና ስታያት ቁልፎቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ። ለስድስት ክፍል አሥራ አንድ ቁልፍ ምን ይሠራል?

“ከየት ነው የመጣችሁት?” አለች ሴትዮዋ።

“ከወዲያ” አለች ቆልፌ።

“ወዴትስ ናችሁ?”

“ወደዚያ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። “ደግ ነው፣ ከወዲያ ወደዚያ። አባትሽ ደረጃውን እንዳይስቱት፣ እጃቸውን ያዢ።”

*እንዴት አወቀች?* አለች ቆልፌ በልቧ። *ዐይኑን በዚህ ፍጥነት ምን አሳያት?*

ሌሊቱ በሰላም አለፈ። ሲነጋ ቆልፌ ቁልፏ ከጫማዋ ውስጥ መኖሩን ዳሰሰች። አባቷ ብርድ ልብሱን እስከ ራሳቸው ተከናንበዋል። ፎጣዋን ይዛ በነጠላ ጫማ ወደ መታጠቢያው ወጣች፤ ገና ገላዋን ሳትነካ የውሃ ፓምፑ ድንገት ተነሳና ግቢውን በጩኸት ሞላው። ታጥባ፣ ለብሳ፣ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

የጎማው መስመርና የመሬቱ መስመር አልገጠሙም። መሐላቸው አራት ጣት ነበር።

ቁጢጥ አለች። ለካች። እንደገና ለካች፤ ልብስ ሰፊ አንዴ ለክታ አትቆርጥም። መኪናዋ ተንከባላለች እንዳትል ማርሽ ላይ ናት፣ ፍሬኑም ተይዟል። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ለብ ይላል። በዚህ ጠዋት ብርድ ለብ!

የአሮጌ መኪናዋ ኮፈን ከውጭ ይከፈታል፤ ከፈተችው፦ ባትሪው አለ። ከኋላ የተንጠለጠለው ተጠባባቂ ጎማ አለ። የነዳጁ ክዳን እንደተከደነ ነው። ከሥር ተንበርክካ አየች፤ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ምንም አልጠፋም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። ሌባ ከወሰደ ወሰደ፣ ትቆጥሪዋለሽ፤ ያልወሰደ ሌባ ግን ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው። ቁልፉን አስቀርጸው ይሆን? መንገድ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ይኖር ይሆን? ዛሬ አንድ ነገር ቢያስቆማቸው አባቷ የቀረችውን ዐይን ያጣሉ።

ወደ ክፍሉ ሮጠች። ቁልፉ ከጫማው ውስጥ ነው፤ ግን ጥርሱ ወደ ተረከዙ ዞሯል። እሷ ወደ ጣቱ ነበር ያዞረችው። አባቷ አሁንም እንደተከናነቡ ናቸው። የክፍሉ ሌላ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው? ቁልፍ የሚንኳኳበት ወገብ ላይ።

ሴትዮዋን ግቢው መሐል አንሶላ ስታሰጣ አገኘቻት።

“እትዬ፣ መኪናዬን ማን ነካው?”

ሴትዮዋ አንሶላውን ይዛ ቆመች። “እኔ አልነካሁትም።”

“ማን ነካው ነው ያልኩት።”

“እኔ መኪና መንዳት አልችል፣ እህቴ። እግሬስ መች ይደርሳል?”

“ታዲያ ማንን አስነዱ? ያንን ፓምፕ ልክ እኔ ስገባ ለምን አስነሱት? ሞተር እንዳልሰማ አይደል?”

“ውሃ እንዲደርስሽ ነዋ! በምራቅ ልትታጠቢ ነበር?”

ከሁለተኛው ክፍል መስኮት፣ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ የሰካ ቁመተ አጭር የመድኃኒት ሻጭ ብቅ አለ። ቆልፌ አየችው፤ ምስክር መኖሩ ይበልጥ ድምፅ ሰጣት።

“ለስድስት ክፍል አሥራ አንድ ቁልፍ! እንግዳ ተቀብሎ በተኛበት ኪሱን መዳበስ! ሥራዎ ይኼ ከሆነ በሩ ላይ ይጻፉታ፣ ሰው አውቆ ይግባ!”

ሴትዮዋ ፊቷ ደም መሰለ። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዐይኗ ወደ ክፍሉ በር ሄደ፤ አባት ብርድ ልብሱን ጥለው፣ ረጅም ቁመታቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። አፏን መልሳ ዘጋች።

“ልጄ፣ ተይ” አሉ አባት። “እንሂድ። ይረፍድብናል።”

“የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም ልበል አባዬ?”

“ተይ አልኩ።”

የመድኃኒት ሻጩ ብሩሹን ከአፉ አወጣና መስኮቱን ዘጋ። አባትና ልጅ ዕቃቸውን ሲጭኑ እሱም ሻንጣውን እየጎተተ፣ ቁርሱንም ሳይጠብቅ፣ በአረንጓዴው በር ወጣ። ሴትዮዋ አንሶላውን እንደያዘች ከኋላው አየችው። አባት በአጠገቧ ሲያልፉ ግን “ደህና ግቡ አባቴ፣ ዐይንዎን ይማርልዎ” አለችና አንሶላዋን ወደ ማስጣቱ ተመለሰች።

ቆልፌ ወንበሯ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እግሯ ፍሪሲዮኑን በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካው። በንዴት ከወንበሩ ሥር ያለውን መያዣ ሳበችና ራሷን ወደ ፊት ገፋች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አስነሳች፣ ወጣች።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ስፖኪዮውን እያየች ነዳች። አንድ ነጭ መኪና ከኋላቸው ሲቀር “አሃ” አለች፤ ነጩ መኪና ታጥፎ ጠፋ። አንድ ሞተር ብስክሌት ሲቀድማቸው ቁጥሩን በቃሏ ያዘች። አባቷ መስኮቱን ያያሉ፤ ምን ያህል እንደሚያዩ አይታወቅም። ወትሮ በየመታጠፊያው “ማርሽ ቀንሺ” የሚሉ ሰው ቃል አልተነፈሱም።

የንዴቷ እንፋሎት ሲበርድ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ያ ድምፅ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የወንበሩ ሐዲድ ሦስት ጥርስ።

ወንበር ሥራዋ ነው። ትናንት ስትወርድ ወንበሩ የት እንደነበር ጀርባዋ ያውቀዋል። የነዳው ሰው ሦስት ጥርስ ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ መደገፊያውንም ወደ ኋላ አስተኝቶታል፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንደሚያደርጉት። ቁመቱ ከእሷ በአንድ ራስ የሚበልጥ ሰው ነው። ያቺ ሴትዮ ከትከሻዋ አትደርስም። በዚያ ጠዋት፣ በዚያ ግቢ፣ ረጅም ሰው የነበረው አንድ ብቻ ነው።

መኪናዋን ከመንገዱ ጠርዝ አቆመች።

“አባዬ።”

“እ?”

“ወንበሩ ሦስት ጥርስ ወደ ኋላ ሄዷል።”

አባት ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ “መኪናዋን ቦታዋ ላይ መልሻት ነበር” አሉ። “ወንበሩን ረሳሁት።”

“ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው” አለች ቆልፌ። ድምጿ ተሰበረ፤ በቁጣ ይሁን በሌላ እሷም አልለየችውም።

“ቀዶው ካልያዘ፣ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም” አሉ አባት። “አርባ ዓመት የያዝኩትን። እግሬ ያስታውስ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ሰባት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሰባት ወደ ኋላ። በሩ ዝግ ነው፣ ግቢው ባዶ ነው። ስመለስ ግን ግድግዳው ጠፋኝ።”

“ከዚያስ?”

“ሴትዮዋ ከኩሽናው ወጣች። ‘ግራ፣ አባቴ፣ ትንሽ ግራ፣ በቃ’ እያለች በድምጿ መለሰችኝ። ለልጄ እንዳትነግሪ ብዬ ለመንኳት። ‘ምኑ ይነገራል’ አለች።”

ቆልፌ መሪው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ያ የተከፈተና የተዘጋ አፍ አሁን ገባት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

“እንመለስ” አሉ አባት።

ሰዓቷን አየች። ወደ ኋላ አርባ፣ ተመልሶ አርባ፣ ይቅርታ መጠየቂያው ሲጨመር አንድ ሰዓት ተኩል። ከፊታቸው ደግሞ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር አለ፤ ሁለት ቦታ መንገድ እየተሠራ ነው። አይደርሱም።

“አንመለስም” አለች። “ዐይንህ ይቅደም። እኔ ደግሞ የማፍርበት ጊዜ አላጣም።”

በደረሰኙ ላይ ወዳለው የፔንሲዮኗ ስልክ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። ሦስት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ማርሽ አስገባች። በስምንት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ የአባቷ ስም መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ያዘ ይባላል። ፋሻው ሲፈታ አባት ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ አነበቡ፤ ከሰባቱ ቁጥር አምስቱን። ሐኪሙ ግን “መንዳት የለም” አላቸው። “አውቄዋለሁ” አሉ፤ “ተሰናብቼያታለሁ።”

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ ቆልፌ በቀጥታ ወደ አረንጓዴው በር ነዳች። በሩ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሟል፤ “የሚከራይ ቤት” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጠገቡ ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ ጠየቀችው።

“ሄዳለች” አለ፣ ከሚለጥፈው የጎማ ከመነዳሪ ቀና ሳይል። “እህቷ ጋ ነው ይላሉ፣ የት እንደሆነ እንጃ። ኪራዩ አልቆባት ነው የሚሉ አሉ።”

“ሌላስ?”

“ሌላማ፣ እዚያ ቤት ዕቃ ይነካል ተብሎ እንግዳ ቀነሰባት ይላሉ። አንድ መድኃኒት ሻጭ ነው አሉ ያወራው። እኔ እንጃ፤ እኔ የማውቃት ደህና ሴት ናት።”

ቆልፌ ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ኖራለች፤ ራሷን የጠረጠረችው ያን ቀን ነው። ኪራዩ ይሁን የእሷ ምላስ፣ ሊነግራት የሚችል ሰው የለም። ዛሬም ባዕድ ከተማ ስትገባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትቆማለች፣ አፍንጫ ወደ በር፣ ጠመኔ ጎማ ላይ። ከመውረዷ በፊት ግን የወንበሯን ጥርስ ትቆጥራለች። ጠዋት መስመር ባይገጥም መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ የገዛ ቤተሰቧን፣ መጨረሻ ባዕዱን ትጠይቃለች።

ታሪኳ እንዲጻፍ የፈቀደችው በአንድ ውል ነው፤ የምትለው ነገር ሳይነካ መጨረሻው ላይ እንዲሰፍር። እነሆ፦

“መንገደኛ ብዙ ቤት ያድራል፤ እኔ የማልደርስበት ይደርሳል። አጭር ናት፣ ደልደል ያለች፤ ወገቧ ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ታንኳኳለች፤ ዐይነ ስውር ሲመጣ ቀድማ ደረጃውን ትናገራለች። ካገኛችኋት ‘ያቺ ወንበር ሰፊ ሁሉን ሰምታለች፤ አባቷም ያያሉ’ በሏት። የት እንዳለችም ላኩብኝ። ስትጠይቋት ደግሞ ቀስ ብላችሁ፣ ሰው በሌለበት ይሁን፤ እኔ ሰው ባለበት ነው የጮኽኩባት።”