ከይሪያ ከይሪያን የመረመረችበት ወር

ከይሪያ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በተማሪዎች ካፌ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጥ ሠርታለች። ቤቷ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ዕድሜዋ አርባ ሰባት። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ወገቤን ጉልበቴን ይላል፤ እሷ ዲግሪ አለች። ነገሩ የጀመረው አንድ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ባለሙያ ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ድስቷን አየት አድርጎ «ይሄ ወጥ ፕሮቲን የለውም» ብሏት የወጣ ዕለት ነው። ጨው የለውም ቢላት ትጨምራለች፤ ቅመም የለውም ቢላት ከመደርደሪያው ታወርዳለች። ፕሮቲን ግን በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ አታውቅም። «ወላሂ፣ የዚህን ነገር አገሩን ሳላውቅ አልሞትም» አለችና በቅዳሜና እሑዱ መርሐ ግብር የሥነ ምግብ ትምህርት ተመዘገበች።

አምስት ዓመት ተማረች፤ ምን አለፋችሁ፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ ደረሰች። አማካሪዋ መምህር ምንተስኖት ነው፤ ቀጭን፣ መመሪያ በቃሉ የሚያውቅ ወጣት። እሱ ራሱ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ አራት ዓመት ሙሉ የከይሪያን ወጥ የበላ ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ «እርስዎ መምህር» ትለዋለች። በወጥ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ግን «አንተ ልጅ፣ በልተሃል?» ነው።

የተሰጣት ርዕስ የካፌውን የምስር ወጥ የንጥረ ነገር ይዘት መመርመር ሆነ። መመሪያው ደግሞ መጀመሪያ ዋና ወጥ ሠሪዋ ትጠየቅ፣ ቃሏም በድምፅ ይቀረጽ ይላል።

«መምህር፣ ዋና ወጥ ሠሪዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነዋ፤ ፈልገው አያጧትም» አላት።

እንግዲህ ፍረዱ! ከይሪያ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፊቷ አቆመች።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለች ጠያቂዋ ከይሪያ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«አልሐምዱሊላህ። ቶሎ በይ፣ ድስት ጥጃለሁ» አለች ወጥ ሠሪዋ ከይሪያ።

«ስምዎን ቢነግሩኝ?»

«አታውቂኝም እንዴ?»

«መመሪያው ጠይቂ ስለሚል ነው፤ አይቀየሙኝ።»

ሽንኩርት ከታፊዋ አረጋሽ ይኸን ሁሉ ከበሩ ጀርባ ሰምታለች። ሮጣ ሄደች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። «ጠጪ እህቴ፤ ትምህርት በስተርጅና ጭንቅላት ላይ ይወጣል» አለቻት። ከይሪያም ቢስሚላህ ብላ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፤ ጠርሙሱን መለሰችና ወደ ጆንያዋ ተመለሰች።

ጥያቄው ከመሐል ሲደርስ «ምስሩ ሲያንስ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ነበር። ወጥ ሠሪዋ በሩ መዘጋቱን ዞር ብላ አየች። ይኸን ለባሏም ተናግራ አታውቅም። የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል፤ ምስሩ እዚያው ነው።

«ውሃ እጨምራለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምን ያህል?»

«አንድ ጆግ... ሁለት። ኧረ ቀን ሲከፋ ባልዲም ይሆናል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ!»

ጠያቂዋ «ባልዲ» ብላ ጻፈች።

ምንተስኖት ድምፁን ሰማ፤ ፊቱ አልተለወጠም። «ቃል በናሙና ይረጋገጣል» አለ። «ወጡ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ናሙናው ግን ወጥ ሠሪዋ ሳታውቅ፣ በድንገት መወሰድ አለበት።»

«ወጥ ሠሪዋ እኔ፣ ናሙና ወሳጇም እኔ!»

«እንግዲያው አንዷ ለሌላዋ እንዳትነግራት።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ቀን መርጦ ይገላገል ነበር። ከይሪያ ግን የምትታመን ተማሪ ናት። ሠላሳ ወረቀት ቆርጣ አንዱ ላይ «ዛሬ» ብላ ጻፈች፤ ጠቅልላ ጣሳ ውስጥ ጨመረቻቸው። በየቀኑ ወጡ ከበሰለ በኋላ አንድ ታወጣለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ነገ «ዛሬ» ይወጣ ይሆናል እያለች ወጥ ሠሪዋ ናሙና ወሳጇን ፈራቻት! በፍርሃት ምስሩን አበዛች፣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ጆጉንም ከዓይኗ አራቀች። ወጡ ወፈረ፤ ጭልፋው ቀጥ ብሎ ቆመበት። ተማሪው ተደናገጠ። ሚኒስትር ሊመጣ ነው ተባለ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው የተሰለፉ ነበሩ። አንዱ ወጡን ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን «ዛሬ» ወጣ። እንዲያ ሲበዛ የከረመው የወሩ ምስርም በዚያው ቀን ተሟጦ ከጆንያው ጥግ ደረሰ።

ከይሪያ ወጡን በበረዶ ሣጥን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። በሐረጎ ቁልቁለት ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ስትወርድ ረዳቱ አላስችል አለው።

«እናት፣ ምንድን ነው?»

«ምስር ወጥ።»

«ለማን?»

«ለማሽን።»

«ማሽን ምስር ይበላል?» ብሎ ወደ ሾፌሩ ተጠጋ፤ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። የወጡ ፕሮቲን ከሚፈለገው በሲሶ ይበልጣል! ከይሪያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት የካፌው ኃላፊ አቶ ጀማሉዲን ቀደማት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ለካ ከሚገባው በላይ እየመገብን ኖሯል። ከመጪው ወር ጀምሮ ምስሩን በሲሶ እንቀንሳለን፤ ደብዳቤው ላይ ጥናትሽን እጠቅሰዋለሁ።»

ከይሪያ ክው አለች። «ኧረ ጌታው፣ ውሃ እጨምራለሁ ብዬ ቃሌን ሰጥቼ የለም ወይ?»

«አንብቤዋለሁ። ወጥ ሠሪዋ ተሳስታለች፤ ላቦራቶሪ አይሳሳትም።»

«ወጥ ሠሪዋ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺን መች አልኩ? እሷን ነው።»

ወደ ምንተስኖት ሮጠች። እሱም የቸገረው ይመስል ነበር። «ቃሉና ውጤቱ ይጋጫሉ። ቃሉን ይሰርዙና በሰላም ይመረቁ። ካልሰረዙት ፈታኞቹ ይጥሉዎታል» አላት። ምረቃው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እህቷ ከደጋን ልትመጣ ቀሚስ አሰፍታለች፤ ባሏ ለፎቶው ግድግዳ ላይ ምስማር መትቷል። በሌላ በኩል ያ ሁሉ ተማሪ አለ፤ አሁን ካለውም ሲሶው ሊነሣበት ነው። ደግሞ በማን? በእሷ ጥናት! ከይሪያ ያን ቀን አለቀሰች፤ ሽንኩርት ነው ብላ አረጋሽን ሸወደቻት።

ጽሑፏን ከፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን የወሩ ሃያ ስምንተኛ ሆነ። ደንቡ እንደምታውቁት ነው፤ ተፈታኝ ፈታኞቿን ምሳ ትጋብዛለች። ተፈታኟ ወጥ ሠሪ ስትሆን ደግሞ አስቡት! አቶ ጀማሉዲን ቁርሱን ሳይበላ መጣ። ከሌላ ከተማ የመጣችው ፈታኝ እንኳ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። ከይሪያ ቃሉን ሳታነሣ ቁጥሮቹን አቀረበች፤ ሁሉም በይሁንታ ራሱን ነቀነቀ። «ምሳው ይቅረብና ውጤቱን እንነግርሻለን» አሏት።

አረጋሽ በተማሪ ትሪ ምሳ አስገባች፤ የዕለቱን የካፌ ወጥ። የወሩ ምስር ካለቀ አሥር ቀን አልፎታል፤ ድስቱ የሚጣደው ከጆንያው ጥግ በሚራገፈው ነው። ወጡ ከእንጀራው አምልጦ በትሪው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

«ቀልድሽን ተይና ዋናውን አምጪ» አለ አቶ ጀማሉዲን።

«ዋናው ይኸው ነው፣ ጌታው። ያ ማሽኑ የበላው ራሴን ፈርቼ የሠራሁት ነው፤ አንድ ወር እንኳ አልዘለቀም። ይሄ ልጆቹ አሁን እታች ተሰልፈው የሚበሉት ነው። ከዚህ ላይ ነው ሲሶ የምትቀንሱት?»

ፈታኟ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። በሹካ ምስር እየለቀመች በትሪው ጠርዝ ላይ ደረደረች፤ አሥራ አንድ ፍሬ ሆነ። ከዚያ ብዕሯን አወጣች። ናሙናው የዕለት ተዕለቱን አያሳይም፤ ጥናቱ ውድቅ፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ናሙና ወስዶ ይደገም፤ እስከዚያ በዚህ ጥናት ስም አንዳች ነገር እንዳይቀነስ ብላ ጽፋ ፈረመች። አቶ ጀማሉዲን ጦሙን ወጣ።

ከይሪያ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ምስሩን አስተርፋለች፤ ዲግሪዋ ግን ሄዷል። ቀና ስትል ምንተስኖት ብቻ ቀርቷል። ሁሉም የተዉትን ወጥ እሱ በእንጀራ ጠርጎ ጨርሶታል።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለችው። «አራት ዓመት ሙሉ ውሃ አበላሁህ።»

«እትዬ ከይሪያ...» አለና ባዶውን ትሪ አነሣ። «ያኔ ከቤት የሚላክልኝ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ነበር የምሰለፈው። እንዳያውቁብኝ ኮፍያ ቀይሬ እመጣ ነበር።»

«አንተ ብቻ መሰለህ? ኮፍያ የምትቀይሩት መቶ ሃምሳ ትሆኑ ነበር እኮ! ታዲያ ድስቱን በምን ላዳርሳችሁ ኖሯል?» አለችና ትሪውን ከእጁ ተቀበለችው።