ከአባቴ ሞተር ውስጥ የወጣው ፍሪሲዮን

ዛሬ ከሚሴ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ጋሽ ሁሴን የአባቴን አሮጌ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ፈቱና እጃቸው ቀጥ አለ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የሞተሩ ሞዴል ሲቀየር የፍሪሲዮኑ ሸራ ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ወርዷል። የአባትሽ ሞተር ባለ አምስት ነው፤ ይሄ ግን ባለ ስድስቱ! ወላሂ፣ ለአጎትሽ ለኢብሬ በጠፋበት ሳምንት እኔው የገጠምኩለት ነው። ይኸው ምልክቴ።"

አጎቴ ኢብሬ ከሃያ ዓመት በፊት በሞተሩ ሰንበቴ ገበያ እንደሄደ ቀረ። እሱም ሞተሩም አልተገኙም ነው የተባልነው።

አባቴ ሞተሩን ለመካኒክ አስነክቶ አያውቅም። አስጠግኜ ላስደስተው ብዬ ደብቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ። (ወሬ ወዳዷ እኔ፣ ዛሬስ ጆሮዬን በደፈንኩት ብያለሁ።)

ቤት ስገባ ግሪስ የነካውን እጄን አየ። "ማን ከፈተው?" አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ የአጎቴ ፍሪሲዮን እንዴት እሱ ጋ እንደመጣ ትጠይቁት ነበር? ከቤታችሁ ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር የወጣባችሁ ካላችሁ፣ እስኪ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።