ከማዶ የቀረው ብልጭታ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ከሚዛን ወደ ቴፒ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው የተሳፈርኩበት ባጃጅ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ አጉረመረመና ቀጥ አለ። ሹፌሩ ወርዶ ሞተሩን ነካካው፣ ትንሽ ገፋው፣ ከዚያ ተስፋ ቆረጠ። “አባባ፣ ቤቱ እዚችው ነው፤ በእግር ይሻልዎታል” አለኝ። ውሸቱን አይደለም፤ ለሱ ጉልበት እዚችው ናት። እኔ ግን ደጋግሜ ቆምኩ፤ በመጨረሻም ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከቡናው ጥላ ዛፎች ውሃ ይንጠባጠባል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማዬ ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ቀና ስል ጉሙ ገለጥ አለና ከሩቅ ሁለት የተራራ ጫፎች ብቅ አሉ። የኛዎቹ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። በዚህ አገር ተራራው ብዙ ነው፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ድካሙን ግን አወቅሁት። ከጉልበት ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ምላስ የሚወጣ፣ ሰው ማናገር እንኳ የሚያስጠላ ድካም ነው። ከዚህ የባሰ የደከመኝ በወጣትነቴ አንዴ ብቻ ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። የጫካ ወሰን በሚያካልል የቅየሳ ቡድን ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባልደረባዬ ሐሰን የሚባል የአጋሮ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ። አሁን ለቅሶ የምሄደው እሱ ቤት ነው፤ ሚስቱ ዘይነባ አርፋበት።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እኔ አንድ ጫፍ ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ከሸለቆው ማዶ ሌላ ጫፍ ላይ ይወጣል። በየፊናችን ቴዎዶላይት የምንለው የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ አለን። ፀሐይ ስትወጣ እሱ መስተዋቱን ወደኔ ያዞራል፤ እኔ ያንን ብልጭታ አነጣጥሬ ማዕዘኑን እለካለሁ። ቀጥሎ ተራው የኔ ይሆናል። ሬዲዮ የሚባል ነገር አልነበረንም። ጠዋት ጠዋት ከሥራው በፊት ሐሰን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፣ እኔም ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ። እንዴት አደርክ መባባላችን ነው። ማን እንዳስጀመረው አላስታውስም።

ወሩ የካቲት ነበር። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ጠብ ብሎ ከታች ያለው የጫካ ቡና አብቧል። ሽታው ነፋሱን ተከትሎ እስከ ጫፉ ይወጣል፤ ጣፋጭ ነው፣ ሲበዛ ግን ራስ ያዞራል። እኔንማ ማዞር ከጀመረኝ ሰንበትበት ብሎ ነበር። የአበባው ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ብልጭታው ቀረ። ጉም ስለነበር አልገረመኝም። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት አለ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳልነቅል ዋልኩ፤ ከማዶ ምንም የለም። የሐሰን ድንኳን ከዛፎች ጀርባ ስለሆነ አይታይም። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ከሱ ጋር ያለው አንድ ረዳት ብቻ ነው። እባብ ይሁን፣ ገደል ይሁን፣ በሽታ ይሁን፣ ሰው ብቻውን ሲያስብ መጥፎውን ሁሉ ያስበዋል።

ከኔ ጋር የነበሩት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የድንኳናችን ጠባቂ፣ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው። ካርታውን ፊታቸው ዘረጋሁ።

“መንገዱ በሸዋ ቤንች ዞሮ ነው የሚወጣው። ሁለት ቀን ይፈጃል” አሉ።

“በቀጥታ ግን ይቺ ናት።” ካርታው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳፌ ይሸፍነዋል።

“በዚያማ መንገድ የለም።”

“አውቃለሁ። በኮምፓስ ነው የምሄደው። ዛሬ ማታ እዚያ ነኝ።”

ጋሽ ወርቁ ሸለቆውን አዩት፤ ከዚያ እኔን። “ፊትህ ደስ አላለኝም” አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ “ሂድ እንግዲህ፣ የሰው ነፍስ ነው። እኔ አብሬህ እንዳልመጣ መሣሪያው አደራ ነው” ብለው በሶና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ቋጠሩልኝ።

በኮምፓስ መሄድ ሜዳ ላይ ቀላል ነው። አቅጣጫህን ትይዛለህ፣ ከፊትህ አንድ ምልክት ትመርጣለህ፣ እዚያ ስትደርስ ሌላ ትመርጣለህ። በዚያ ጫካ ውስጥ ግን ምልክት የምታደርገው ዛፍ አፍንጫህ ሥር ነው፤ ከሱ ወዲያ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ዛፍ፣ ኮምፓስ፣ ዛፍ፣ ኮምፓስ። ሐረጉ እግር ይይዛል፣ ሳማው እጅ ይለበልባል። ኮረሪማው ከደረቴ በላይ አድጎ፣ ጥሼው ሳልፍ ሽታው የእናቴን ጓዳ ያስታውሰኛል። ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ለነሱ መንገዱ ክፍት ነው። ቀናሁባቸው።

ቁልቁለቱ በድንገት ገደል ሆነብኝና ወደ ቀኝ ዞርኩ። የዞርኩትን ያህል ወደ ግራ መመለስ ነበረብኝ፤ የተመለስኩ መሰለኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ ግን እንዳልተመለስኩ ገባኝ። በካርታው መሠረት ልወርድበት የሚገባኝ ቦታ ወንዙ የሚታጠፍበት ነው። ከፊቴ ያለው ውሃ ግን በሁለት ቋጥኞች መካከል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ካርታውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ወንዙ ቀጥ ያለበትን ቦታ ፈለግሁ። አገኘሁት፤ ከመስመሬ ብዙ ወጥቼ ነበር። ዳር ዳሩን መሄጃ ስለሌለ ውሃው ውስጥ ገብቼ ወደ ላይ ተጓዝኩ። አንዘፈዘፈኝ። ውሃው ቀዝቅዞ ነው አልኩ። እጥፋቱ ጋ ስደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ፣ ዛሬ ማታ እዚያ ነኝ ያልኩት ነገር አለቀለት። ያን ሌሊት አንድ ዋርካ ሥር ተጠቅልዬ አደርኩ። ስለሱ የምለው ብዙ የለኝም፤ አልተኛሁም፣ አልነቃሁምም።

በማግስቱ ዳገቱን ጀመርኩ። ትንሽ እወጣለሁ፣ እጄን ዛፍ ላይ አሳርፌ እቆማለሁ። በሶውን በጥብጬ ልጠጣ ብል ጉሮሮዬ አልቀበል አለ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከዛፎቹ መካከል ሰማይ ታየኝ። ደረስኩ ብዬ የቀረኝን ጉልበት ሁሉ አወጣሁ። ከላይ ወጥቼ ብቆም ግን፣ ከሌላ ጎድጓዳ ባሻገር፣ የሐሰን ተራራ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቆሟል። የወጣሁት ኮረብታ ካርታው ላይ ነበረ፤ የትንሿ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ መስመር። ሳላስተውላት አልፌያታለሁ።

ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ሰው ተስፋ ቆረጠ ሲባል እሪ ብሎ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ጸጥ ያለ፣ እንዲያውም ምቾት ያለው ነገር ነው። ሐሰን ሞቶ ከሆነ ብደርስ ምን ላደርግለት ነው? ደህና ከሆነስ ለምን እለፋለሁ? እንዲህ እያልኩ እዚያው ጋደም ልል ስል እናቱ ትዝ አሉኝ። አንድ ጊዜ አጋሮ ይዞኝ ሄዶ ቤታቸው አድሬያለሁ። ትኩስ ዳቦ በማር አቅርበው፣ እሱ ውጭ ሲወጣ ጠብቀው፣ “ሐሰን ቢርበው አይናገርም። አንተ እየው” ብለውኝ ነበር። ትልቅ አደራ አይደለም፤ ስለ ምግብ ነው ያወሩት። ግን ያነሳኝ እሱ ነው።

ጎድጓዳው ቀርከሃ የሞላው ነበር። ቆሜ የማልፍበት ስላልነበር በእጅና በጉልበቴ ዳኽኩ። ኮምፓሱን ማየት ትቼ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ ሄድኩ። በኋላ የጭስ ሽታ መጣ።

ሐሰን ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ጎደሬ ይልጣል። ሙሉ ጤነኛ ነው። ሲያየኝ ቢላውን አስቀመጠ። ልብሴ ተቀዳዷል፣ ፊቴ ጭቃና ደም ነው።

“ማን ሞተ?” አለኝ።

“አንተ” አልኩት።

ደግፎ አስቀመጠኝና ነገሩን ነገረኝ። መስተዋቱ ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ተሰብሯል። በድስት ክዳን ሞከረ፣ አልሆነም። “ወላሂ፣ እንደምትጨነቅ ገብቶኝ ረዳቱን በሸዋ ቤንች በኩል ልኬዋለሁ። ዛሬ ይደርሳል።”

“የት?”

“አንተ ጋ ነዋ።”

ያን ሰዓት ረዳቱ ከጋሽ ወርቁ ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር ማለት ነው። መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ተናድጄ ይሁን ደስ ብሎኝ እንጃ፤ ድካም ሁለቱን አይለይም። ሐሰን ጨሞ ቀዳልኝ፤ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር የሚፈላውን፣ የአገሩን መጠጥ። ኩባያውን መያዝ አቃተኝ። እጁን ግንባሬ ላይ አሳረፈና ፊቱ ተለወጠ።

“ታምሩ፣ አንተ እኮ እሳት ነህ።”

ወባ ነበር። ገና ከተራራዬ ሳልነሳ ይዞኝ ነበር። ራሴን ያዞረኝ አበባው አልነበረም፣ ያንዘፈዘፈኝም ውሃው አልነበረም። የታመመ ጓደኛዬን ላድን ጫካ አቋርጬ የመጣሁት በሽተኛው እኔው ነበርኩ።

ያን ሌሊት ቃዠሁ። ሲነጋ ሐሰን ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሮ ሊያዝለኝ ጎንበስ ሲል ነቃሁ።

“መሣሪያውስ? ረዳቱ እኮ የለም።”

“መሣሪያ ወባ አይዘውም” አለ።

በቁመት እበልጠዋለሁ፤ እግሬ መሬት ይጎተታል። እንዲያም ሆኖ ተሸክሞኝ ወረደ። ትንሽ ይሄዳል፣ ያወርደኛል፣ ጉልበቱን ይዞ ይተነፍሳል፣ እንደገና ያነሳኛል። ላቡ ከአንገቱ ወደ ፊቴ ይመጣ ነበር። “ደከመህ?” ስለው፣ “ዝም በል፣ ስታወራ ትከብዳለህ” አለኝ። ከመጀመሪያው መንደር ስንደርስ የቤንች ገበሬዎች ቃሬዛ ሠሩልኝ። ትከሻ እየተቀያየሩ፣ በቋንቋቸው እያወሩ፣ መኪና መንገድ አደረሱኝ። ሚዛን ሐኪም ቤት የገባሁትን አላስታውስም።

እዚያ በተኛሁበት ትልቅ ዝናብ ዘነበ። ነፋሱ የሐሰንን ድንኳን ጣለው፣ ውሃው መሣሪያው ውስጥ ገባ። ያን ዓመት ከቡድናችን አንድ ሰው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሊላክ ነበር፤ ሐሰን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። መሣሪያውን አበላሸ ተብሎ ቀረበት። ሌላ ሰው ሄደ። ይህን የሰማሁት ከአለቃችን ነው፤ ሐሰን ራሱ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ ቴፒ ገባ፣ የኮረሪማና የጥምዝ ቅመም መነገድ ጀመረ፣ ዘይነባን አገባ። ከዓመታት በኋላ ቤታቸው ተቀምጠን ስንበላ ደፍሬ፣ “ያ ሥልጠና አይቆጭህም?” አልኩት። እሷ ወጥ እየጨመረች ነበር። ቀና ብሎ አያት። “ሄጄ ቢሆን ይቺን ከየት አገኛት ነበር?” አለኝ። ዘይነባ፣ “ብላ፣ ይቀዘቅዛል” አለችው።

ከድንጋዩ ተነስቼ ቤቱ ደረስኩ። ወንዶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ሐሰን ከመካከላቸው ነው፤ ያ ቀጭን ሰው ጭራሽ አልቋል። “አላህ ሶብሩን ይስጥህ” ብቻ አልኩት። አንገቴን አቅፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። “ደክሞሃል፣ ተቀመጥ” አለኝ። እሱ ለኔ።

አጠገቡ ተቀምጬ ስለ አንድ ቃል፣ ስለ “መድረስ” አሰብኩ። በኛ ቋንቋ ለቅሶ ይደረሳል። የሞተ አይመለስም፣ ለቅሶ የሄደም ሰው ቁስል አያሽርም፤ ይደርሳል፣ በቃ። በወጣትነቴ ያንን ተራራ ወጥቼ ስደርስ ለሐሰን የሠራሁለት ነገር የለም፤ ሸክም ነው የሆንኩበት። ብዙ ዓመት ሳስበው ልፋቴ ከንቱ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ሐሰን ግን እንደዚያ አስቦት እንደማያውቅ አሁን ይገባኛል። ለሱ ያን ቀን ከቀርከሃው ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ መጥቷል፤ ሌላው ዝርዝር ነው። ዛሬም የማደርግለት የለኝም። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፤ ዳገቱን እንኳ በስንት ዕረፍት ነው የወጣሁት።

ሰው ይመጣል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ሐሰን መጀመሪያ ለሁሉም ቀና እያለ ይመልስ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ወደኔ ዘመመና ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከቀብሩ ወዲህ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም ብላ ልጁ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ገብቶ እንዲተኛ ልትቀሰቅሰውም እጇን ዘረጋች። ተይው አልኳት በጣቴ። ክንዴ እየደነዘዘ ሄደ። ከታች ከአስፋልቱ ወደ ሚዛን የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ጡሩምባ ተሰማኝ፤ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። አልተነሳሁም።